ያረጀ የጌም ኮምፒውተር በደጋ አገር፦ መቼ ይታደሳል? ከየትስ ይጀመራል?

የጌም ኮምፒውተር የሚያረጀው በዕድሜው ብቻ አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ማሽን ንጹሕና ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ያኔ ያስኬደውን ጌም ዛሬም በዚያው ፍጥነት ያስኬዳል። የሚለወጠው ከእሱ የሚፈለገው ሥራ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ነበር የሚጠይቀው። ከስምንት ዓመት በኋላ የፊፋን ስም ትቶ የመጣው ኤፍሲ 24 ግን ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ 100 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና የጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ደረጃ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ፔስ 2013ን ያለ እንከን የሚያጫውት ኮምፒውተር ለባለቤቱ ገና አላረጀም፤ ኤፍሲ ለሚያምረው ታናሽ ወንድሙ ግን ካረጀ ቆይቷል። እድሳት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሳል፦ ባለቤቱ መጫወት የሚፈልገው ጌም የትኛው ነው? ያ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌሎች የደቡብ ጎንደር ከተሞች ለጌም የሚውለው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ለጌም ተብሎ የተሠራ አይደለም። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ ወደ አገር የገባ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ይሆናል፤ ውስጡ አራተኛ ወይም ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ ምናልባት በኋላ የተሰካ ትንሽ ግራፊክስ ካርድ አለበት። እነዚህ ማሽኖች ጠንካሮች ናቸው። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የተሠሩ መሆናቸው ግን በእድሳት ጊዜ እንቅፋት ይሆናል፤ ሳጥናቸው ጠባብ፣ ፓወር ሳፕላያቸው አነስተኛ ነው።

ከጌሙ ክብደት ሌላ ኮምፒውተርን የሚያስረጅ ነገር አለ፤ እሱም የሶፍትዌር ድጋፍ ማብቃት ነው። ስቲም የተባለው የጌም መደብር ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለዊንዶውስ 7 እና 8 የሚሰጠውን ድጋፍ አቁሟል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለተመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማሻሻያ የሚቀጥለው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉ ፕሮሰሰሮችን ነው። ኤንቪዲያ በበኩሉ ጂቲኤክስ 750 ቲአይን እና የ1050 ቲአይን ቤተሰብ ላካተቱት ትውልዶች ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሞ፣ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ካርዱን ወይም ፕሮሰሰሩን ነገ ጠዋት አያቆመውም። ያሉት ጌሞች ይሠራሉ። ቢሆንም ዛሬ ብዙ ብር የሚፈስበት ማሽን ስንት ዓመት ያገለግላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አንድ ጌም ሲቆራረጥ የመጀመሪያው ሐሳብ ካርድ መቀየር ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የካርዱ አይደለም፤ ማጣራቱም ምንም ወጪ የለውም። ጌሙ ተከፍቶ ሳለ የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ማየት፣ ወይም አፍተርበርነር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ ቁጥሮቹን ስክሪኑ ላይ ማውጣት ይበቃል። ግራፊክስ ካርዱ ሳያቋርጥ ከ95 በመቶ በላይ እየሠራ ከሆነ አቅሙ ያለቀው እሱ ነው። ካርዱ በ50 እና በ60 በመቶ እየሠራ ጌሙ ከተንገጫገጨ ፕሮሰሰሩ ምግብ አላደረሰለትም ማለት ነው። ራሙ ሞልቶ የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት የሚበራ ከሆነ የራም እጥረት አለ። ለማረጋገጥ የጌሙን የምስል ጥራት ከ1080 ወደ 720 ማውረድ ነው፤ ፍጥነቱ ዘለል ብሎ ከጨመረ ችግሩ የካርዱ ነው፤ እዚያው ከቀረ የፕሮሰሰሩ ነው። ጌሙ ሲጀመር ደኅና ሆኖ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚዳከም ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚጠረጠረው ሙቀት ነው።

ሙቀት በደጋ አገር ይህን ያህል መነሳቱ ሊያስገርም ይችላል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ብርድ የማያጣት ከተማ ናት። ነገር ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ጥግግቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የኮምፒውተር ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን አይቀንስም፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው አየር ግን ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በባሕር ጠረፍ ከክፍሉ 40 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ካርድ በደብረ ታቦር ልዩነቱ ወደ 50 ሊጠጋ ይችላል። የክፍሉ ቅዝቃዜ ይህን ያካክሳል፤ ደጋው ብርዱን ባይሰጥ ኖሮ ጉዳቱ በግልጽ ይታይ ነበር። ስለዚህ ብርድ አለ ብሎ ኮምፒውተሩን ግድግዳ ተጠግቶ በጨርቅ መሸፈን ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ማስገባት ስሕተት ነው፤ ያቺን የቅዝቃዜ ትርፍ ያስቀራል።

በዚህ ላይ አቧራ አለ። በበጋ የሚነሳው ደረቅ አቧራ ከከሰልና ከባሕር ዛፍ ጭስ ጋር ሲቀላቀል በሙቀት ማስወጫው ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል። ሳጥኑን ከፍቶ፣ መብራቱን ነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ በብሎወር ማራገፍ፣ ከፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ተርማል ፔስት ጠርጎ አዲስ መቀባት በማንኛውም የኮምፒውተር ጥገና ቤት በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ነው። ኢንቴል ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ የነበረ ማሽን ተጠርጎ ሲመለስ አዲስ ዕቃ የተገዛለት ይመስላል። ከማንኛውም ግዢ በፊት ይህ መደረግ አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱ ካርድም በዚያው አቧራ ውስጥ ይቀበራል።

ከፍታው ከሙቀት ሌላም የሚነካው ነገር አለ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚያነብበት ራስ ከዲስኩ ገጽ ጋር ሳይነካካ በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። በዚህ የተነሳ አምራቾች ለብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ጣሪያ አድርገው የሚጽፉት 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ታቦር ከዚህ በታች ስለሆነች አታሰጋም፤ በላይ ጋይንት ያለችው ንፋስ መውጫ ግን ወደ 3,100 ሜትር ላይ ስላለች ልኩን ታልፋለች፤ በጉና ተራራ ግርጌ ከፍ ብለው ያሉ መንደሮችም እንዲሁ። ዲስኩ እዚያ ወዲያው ይሰበራል ማለት አይደለም፤ አምራቹ ኃላፊነት የሚወስድበት ክልል አልፏል ማለት ነው። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ጣጣ የለበትም። ለጋይንትና ለአካባቢው ሰው ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ ለመተካት ይህ ከፍጥነትም የሚበልጥ ምክንያት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ሲገዛም ጀርባውን ማንበብ ይገባል፤ በአንዳንዱ ላይ የተራራ ምልክትና 2,000 ሜትር የሚል ቁጥር አለ። በስስ አየር ኤሌክትሪክ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ለመዝለል ስለሚቀለው፣ እንዲህ ያለው ቻርጀር የተፈተሸው ለዝቅተኛ ቦታ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመብራት ጉዳይ ነው፤ በዚህ አካባቢ ከካርድ በፊት ገንዘብ ሊወጣለት የሚገባውም እሱ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ቢሆንም ከፍና ዝቅ ይላል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አደገኛዎቹ ናቸው። መብራት እንደመጣ ኮምፒውተሩን ወዲያው አለማብራት፣ በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን ከግድግዳው መንቀል፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ ምጣድና ኮምፒውተር አለመሰካት ምንም ወጪ የለባቸውም። ወጪ የሚጠይቀው ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ቪኤ የሚለውን ቁጥር እንደ ዋት እንዳያነብ፦ 650 ቪኤ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው 360 ዋት ገደማ ነው። ሥራውም መብራት በሌለበት ጌም ማስቀጠል አይደለም፤ ያልተቀመጠውን አስቀምጦ በሰላም ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ መስጠት ነው። በሚጻፍበት መሐል የተቋረጠ ዲስክ ዊንዶውሱን ያበላሻል፤ የወራት የጌም ውጤትም አብሮ ይጠፋል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፓወር ሳፕላይም ሊመረመር ይገባል። ርካሽ ፓወር ሳፕላይ ላይ 500 ዋት ተብሎ በትልቁ ቢጻፍም እውነቱ ያለው ጎኑ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ነው። ፕሮሰሰርና ካርድ የሚመገቡት ከ12 ቮልት መስመር ነው፤ በዚያ መስመር 18 አምፒር ከተጻፈ ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 216 ዋት ብቻ ይሆናል። የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሳፕላይ በአንጻሩ ቁጥሩ ትንሽ፣ ቃሉ የታመነ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ እንደ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉ ማሽኖች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በራሳቸው ልዩ መሰኪያ ስለሆነ ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር ሳፕላይ ያለ መለወጫ ሽቦ አይገባላቸውም።

ጽዳቱና መብራቱ ከተስተካከለ በኋላ የመጀመሪያው ግዢ ኤስኤስዲ ቢሆን ይመረጣል። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ሲያነብ ተራው የሳታ ኤስኤስዲ ከ500 ያልፋል፤ ትናንሽ ፋይሎችን በማንሳት ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ኤስኤስዲ በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት አይጨምርም፤ ጌሙ እስኪከፈት ያለውን ረጅም ጥበቃና በጨዋታ መሐል የሚመጣውን መንቀርፈፍ ግን ያስወግዳል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ አይጣልም፤ ፊልምና የማይነኩ ጌሞች ማስቀመጫ ይሆናል።

ራም ሲገዛ አንድ ነጠላ 8 ጊጋባይት ከመሰካት ሁለት ባለ 4 ማድረግ ይሻላል፤ ማዘርቦርዱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ፍጥነቱ ይጨምራል። ካርድ ለሌለው፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በመጣው ግራፊክስ ለሚጫወት ሰው ይህ ልዩነት በዓይን የሚታይ ነው። ዓይነቱን ሳያጣሩ መግዛት ግን ወደ ባሕር ዳር ድጋሚ ጉዞ ያስከትላል። የዲዲአር3 ራም በዲዲአር4 ቦታ አይገባም፤ የማሽኑ ዕድሜ ብቻውንም አይናገርም። ኦፕቲፕሌክስ 3040 እና 7040 በአንድ ዘመን ወጥተው የመጀመሪያው በዲዲአር3 ኤል፣ ሁለተኛው በዲዲአር4 ይሠራሉ። አንዱን ራም ነቅሎ ወይም ፎቶ አንስቶ ለሻጩ ማሳየት ከክርክር ያድናል።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ሲደረስ የቢሮ ማሽን ላለው ሰው ምርጫው ጠባብ ነው፤ ይህም ነገሩን ያቀልለታል። የማዘርቦርዱ መሰኪያ ለካርድ የሚሰጠው ኃይል 75 ዋት ነው። ተጨማሪ የመብራት ገመድ ሳይፈልጉ በዚያ ብቻ ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ የጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና የ1650 ዓይነቶች፣ ኤኤምዲ አርኤክስ 6400፣ እንዲሁም በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ይገኛሉ። ከነዚህ አርኤክስ 6400 በአሮጌ ማሽን ላይ አይመከርም፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ስለሆነ የቀድሞ ትውልድ መሰኪያ ላይ ሲገባ ከፍጥነቱ ጉልህ ክፍል ያጣል። 1050 ቲአይ ድራይቨሩ እንዳበቃ ከላይ ተጠቅሷል፤ በርካሽ ከተገኘ ለቆዩ ጌሞች ይሆናል፤ ለሚመጡት ግን ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ጠባብ ሳጥን ያለው ሰው የካርዱን ቁመት ጭምር ለክቶ፣ አጭሩን ዓይነት ከነአጭር የብረት መያዣው መጠየቅ አለበት።

ያገለገለ ካርድ በሚሸጥበት ገበያ ማታለልም አለ። የ2010ዎቹ መጀመሪያ አሮጌ ካርድ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነኝ ብሎ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ይደረጋል። ዊንዶውስ ያምነዋል፤ ጂፒዩ ዜድ የተባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ግን አብዛኞቹን ሐሰተኞች ለይቶ ከስማቸው ፊት ሐሰተኛ መሆናቸውን ይጽፋል። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሱቁ ውስጥ ካርዱን አሰክቶ ማየት፣ ከተቻለም ሩብ ሰዓት ጌም ላይ ማቆየት ብልህነት ነው። ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል ባሕር ዳር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይርቃል። የተበላሸ ዕቃ ለመመለስ የሚወጣው የትራንስፖርትና የቀን ወጪ አንዳንዴ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ስለዚህ ለደቡብ ጎንደር ገዢ፣ ፊት ለፊት ያልተፈተሸ ካርድ ርካሽነቱ ትርጉም የለውም።

ፕሮሰሰር መቀየር የሚያዋጣው በአንድ ሁኔታ ነው፦ ያው ማዘርቦርድ የተሻለውን የሚቀበል ሲሆን። ኮር አይ5 4570 ያለው ማሽን በዚያው መሰኪያ አይ7 4770ን ይቀበላል። ከዚያ ትውልድ ግን አያልፍም። ኢንቴል መሰኪያውን ቶሎ ቶሎ ይለውጣል፤ ስድስተኛውና ስምንተኛው ትውልድ የመሰኪያቸው ስምና ቅርጽ አንድ ሆኖ ሳለ እንኳ የስድስተኛው ማዘርቦርድ ስምንተኛውን አያስነሳም። የኤኤምዲ ኤኤም4 ማዘርቦርድ ያለው ሰው የተሻለ ዕድል አለው፤ ባዮሱ ከታደሰ ከመጀመሪያው ራይዘን ተነስቶ በ2022 እ.ኤ.አ. እስከ ወጣው ራይዘን 5 5600 ድረስ ብዙ ጊዜ ሳጥኑን ሳይቀይር መሄድ ይችላል።

የመቆሚያው ድንበር እዚህ ላይ ነው። አራተኛ ትውልድ ማሽን ለማደስ የሚያስፈልገው ራም፣ ካርድና ፓወር ሳፕላይ ተደምሮ ያገለገለ የስምንተኛ ትውልድ ኮምፒውተር ዋጋ ግማሽ ከደረሰ እድሳቱ ቢቀርና ገንዘቡ ቢጠራቀም ይሻላል። ስምንተኛው ትውልድ ዊንዶውስ 11ን በይፋ ይቀበላል፣ ዲዲአር4 ይጠቀማል፣ ፈጣኑን ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲም ይሰካል። በአሮጌው ላይ የተገዛ ኤስኤስዲ፣ ዩፒኤስና ካርድ ወደ አዲሱ ስለሚሻገሩ ኪሳራ የለባቸውም። የማይሻገሩት የዲዲአር3 ራም፣ አሮጌው ፕሮሰሰርና መለወጫ ሽቦው ናቸው፤ ብር ሲወጣ መሰሰት ያለበት በእነዚህ ላይ ነው።

ስለ ገንዘብ ከተነሳ፣ ጊዜ መጠበቅ እንደ ድሮው አያተርፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጥቷል። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የማስታወሻ ቺፕ በብዛት ስለሚገዙ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል። ዛሬ የሚያስፈልግ ራም ተጣርቶ ዛሬ ቢገዛ ይሻላል፤ ለወደፊት ይሆናል ብሎ ከሚፈለገው በላይ መግዛት ግን በዚህ ዋጋ አይመከርም።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ምርጫው አጭር ነው፦ ኤስኤስዲ፣ ራም፣ ባትሪና ጽዳት። ግራፊክሱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚበየድ አይቀየርም፤ ካርዱ ለሚፈለገው ጌም ካልበቃ ማሽኑ ለትምህርት ይቀመጥና ለጌም ሌላ ይታሰባል።

ሌላው ከአካባቢው ኑሮ ጋር የሚሄድ ነገር የጌሙ አመጣጥ ነው። 100 ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ማውረድ ውድ ነው፤ መስመሩም ሁልጊዜ አይገኝም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ጌሞች ጨርሰው አልተከፈቱም፤ ያለ መስመር የሚሠሩት ግን ቀጥለዋል። በመሆኑም ለዚህ አገር የሚታደስ ኮምፒውተር ሰፊ ዲስክ ቢኖረው ይጠቅማል፤ ስቲም የሚጠቀም ሰውም መስመር ባለበት ጊዜ ጌሞቹን አድሶ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈቱበትን አማራጭ ፈትሾ ማስቀመጥ ይገባዋል።

እድሳቱ ካለቀ በኋላ የሚተርፉት ዕቃዎች ዋጋ አላቸው። አሮጌ ራምና ካርድ በጥገና ቤቶች ይፈለጋሉ። ሳጥኑ ሙሉ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ሲስተም ተጭኖበት ለተማሪ ጽሑፍና ንባብ ለዓመታት ያገለግላል። ዲስክ የሚሸጥ ሰው ፋይሎቹን ማጥፋት ብቻ አይበቃውም፤ ፎርማት የተደረገ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ የቤተሰብ ፎቶና የባንክ መረጃ ብዙ ጊዜ በቀላል ፕሮግራም ይመለሳል፤ ስለዚህ መላው ዲስክ በሌላ መረጃ ተጽፎበት መሸጥ አለበት። የዩፒኤስ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሠርቶ ሲደክም ሊድና አሲድ የያዘ ስለሆነ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታም አይቀመጥም፤ የመኪና ባትሪ ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች ይሰጣል።